ሳብራ ስፖርትና የሐዴራ ባምፐሮች

ከሐዴራ ነው የማወራችሁ። ዛሬ የመኪና ታሪክ ይዣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1961 የሃይፋው አውቶካርስ ፋብሪካ ሳብራ ስፖርት የተባለች መኪና ኒውዮርክ ላይ አሳየ። ከእንግሊዙ ሬላየንት ጋር ያወጣት፣ አካሏ ከፋይበርግላስ የሆነ፣ ስታይዋት የምታምር መኪና ነበረች። ችግሯ ከሥር ነው። ሌስሊ ባላሚ የነደፈው የፊት ሰስፔንሽን ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ መሪዋን ይረብሸው ነበር። ሬላየንት ራሱ በመጨረሻዎቹ ሴበር ሲክስ መኪኖች ላይ ያንን ትቶ የትራያምፍ ቲአር4ን ዓይነት አስገባ።

ይህን ለምን አነሳሁ? ሰፈራችን ውስጥ የሚስተካከል ሰስፔንሽን ገዝቶ መኪናውን መሬት የሚያስነካ ብዙ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል። እናታችሁን ጭናችሁ ባምፐር ላይ ስትወጡስ? ሞላው መጫወቻ ካጣ ጎማው መንገዱን በደንብ አይዝም፤ ፍሬኑም ያኔ አይታመንም።

እኔ የምለው፦ መጀመሪያ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ በአራቱም በኩል ለክታችሁ ጻፉ። አሞርዛተሩን፣ ማለት ቦልሚሙን፣ ከለስላሳው ጀምሩ። ባምፐር ካለፈች በኋላ ደጋግማ ከተወዛወዘች አንድ ሁለት ክሊክ አጥብቁ፤ ጥርስ የምታንገጫግጭ ከሆነ መልሱ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፤ በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ንኩ። ከፍታውን ከቀየራችሁ ፍሮንት ማስተካከል ግድ ነው፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል። ቴስትም እንዳለ አትርሱ።

ሬላየንት ያንን ለማስተካከል የፊቱን ሰስፔንሽን በሙሉ መቀየር ነበረበት። የእናንተ በቁልፍ ይዞራል። ለፎቶው ሳይሆን ለመንገዱ አዙሩት። ሰላም ሁኑ።