ባለብዙ ዓምድ ንዑስ መጠይቅ
በኤስኪውኤል ሁለትና ከዚያ በላይ ዓምዶችን በአንድነት ንዑስ መጠይቅ ከሚመልሳቸው ረድፎች ጋር የማነጻጸር ስልት። ዓምዶቹ በቅንፍ ታቅፈው «ኢን» ይከተላቸዋል፤ የሁለቱ ወገን ዓምዶች በቁጥርና በቅደም ተከተል መጣጣም አለባቸው።

ከአዲስ አበባ አድራሻ የተሻለ ማሳያ አይገኝለትም። «ወረዳ 1» በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማም በቦሌም በአራዳም አለ። የተፈለጉት ኮልፌ ወረዳ 1 እና ቦሌ ወረዳ 2 ብቻ ሆነው ሳለ ክፍለ ከተማና ወረዳ ለየብቻ ከተጣሩ፣ የኮልፌ ወረዳ 2 ነዋሪም ሾልኮ ይገባል። በጥንድ ማነጻጸር ይህን ቀዳዳ ይደፍናል።

ኦራክል፣ ፖስትግሬስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል ስልቱን ያውቁታል፤ ኤስኪውላይት ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር አይቀበለውም፤ እዚያ «ኤግዚስትስ» ይተካዋል። በአሉታዊ ቅርጹ፣ በ«ኖት ኢን»፣ ግን አንድ ባዶ እሴት (ነል) ተፈላጊ ረድፎችን ሊያስቀር ስለሚችል «ኖት ኤግዚስትስ» ይመረጣል።