ቴዎድሮስ፦ ከትንቢት ወደ ሕፃን ስም

ከፒያሳው ቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያገኛል። እዚያ የተወለደ ልጁን ቴዎድሮስ ብሎ የሚያስመዘግብ አባት ዛሬ ማንንም አያስገርምም፤ ዘመድ አዝማዱም ወዲያው ቴዲ ማለት ይጀምራል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ግን ይህ ስም ሕዝብ ሲጠብቀው የኖረ ንጉሥ ስም ነበር።

በስሙ መጀመሪያ የነገሡት የዐፄ ዳዊት ልጅ ናቸው። በ1406 ዓ.ም. ገደማ ዙፋን ይዘው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ዐረፉ። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ደግሞ፣ ከግፍና ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ከምሥራቅ እንደሚመጣ ይናገራል። ንጉሡና ትንቢቱ በሕዝብ አፍ ተደባለቁ። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የሰነበተው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ያ የጥንቱ ቴዎድሮስ ተነሥቶ ሺህ ዓመት ይገዛል፣ ጦርነትም ይቀራል የሚል እምነት አግኝቶ ጽፏል። ዘመነ መሳፍንት አገሩን ሲያምስ ተስፋው ይበልጥ እንደጠነከረ መገመት አይከብድም።

ካሳ ኃይሉ ይህን ያውቅ ነበር። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ያንቋሽሹት ስለነበር ከዘር ሐረግ የሚበልጥ ማስረጃ ያስፈልገው ነበር። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሣ። በቀናት ውስጥ፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አቡነ ሰላማ ቀብተው ቴዎድሮስ ብለው አነገሡት። ትንቢቱ ንጉሡ ከምሥራቅ ይመጣል ቢልም ካሳ የመጣው ከጣና በስተምዕራብ ካለው ከቋራ ነው። ይህ ግን አላገደውም። ከቀዳማዊው ወዲህ ከ400 ዓመት በላይ ማንም ያልነገሠበትን ስም መውሰዱ፣ በእኔ ግምት፣ ከመድፎቹ የማይተናነስ የፖለቲካ ሥራ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። የንጉሡ መታሰቢያም ወዲያው አልከበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ባሳተሙት የምኒልክ ታሪክ ውስጥ ቴዎድሮስን እጅግ በከፋ ቃል ነቅፈዋል። በቤተ መንግሥት ዙሪያ ያለ ሰው ለልጁ ይህን ስም ለመስጠት ሁለት ጊዜ ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስሙን ወደ ተራው ቤት ያወረደው፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ከዘውድ ይልቅ ብዕር ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት አሳተሙ። በ1955 ዓ.ም. የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት መድረክ ላይ ወጣ፤ የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ተከተለ፤ በ1961 ዓ.ም. አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን አወጣ። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ንጉሡ እናቱን የሚወድ፣ አገሩን አንድ ሊያደርግ የተነሣና የተከዳ ሰው ሆኖ ቀረበ። ነገሥታቱን የሚያወድስ ጽሑፍ በበዛበት ዘመን፣ ተሸንፎ የሞተን ሰው ሊቃውንትም ተማሪዎችም የራሳቸው አደረጉት። ወላጅ ልጁን በስሙ ሲጠራ መንበሩን ሳይሆን እልኹን መመኘቱ ነበር።

የዚያ ዘመን ልጆች አድገው አገር አወቃቸው። በ1957 ዓ.ም. አስመራ የተወለዱት ቴድሮስ አድሐኖም ስሙን በትግርኛው ቅርጹ ይዘዋል። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለደው ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሳሁን ደግሞ ቴዲ የሚለውን ማቆላመጫ የመድረክ ስሙ አድርጎታል። በ2009 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሲመረጡ፣ ሌላው «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ለመቅደላው ንጉሥ ዘፈነ።