ልጓሙ ፍሬን፣ ቀንዲሉ ካንዴላ

ቆቦ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር። አንድ ያረጀ ሞተር ሳይክል ከግራር ጥላ ሥር ተፈታትቶ ተቀምጧል። መካኒኩ ግራሶ የጠጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ረዳቱን ያዝዛል፦ «ካንዴላውን ፍታና አጽዳ። ፍሬኑ ላልቷል፣ አጥብቀው። ማርሚታው ተበስቷል፣ ይበየዳል። የኋላውን ጎማ ጎሚስታ ጋ ውሰደው።» ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞር ብሎ «አብሽር ወንድሜ፣ ይነሳል» ይለዋል።

ይህን ትእዛዝ ቃል በቃል እንመዝነው። ስሞቹ ሁሉ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ እጁን ያጠቆረው ግራሶ ሳይቀር። ግሶቹን ግን ተመልከቱ፤ ፈታ፣ አጸዳ፣ ላላ፣ አጠበቀ፣ ተበሳ፣ ተበየደ፣ ተነሳ። አንድም እንግዳ የለባቸውም። ብረቱ ከነስሙ መጣ፤ በብረቱ ላይ የምንሠራውን ሥራ የሚናገረው ቃል ግን ከእኛው ቤት ወጣ። ስለዚህ ስሞቹ ሞተሩ መቼና በማን እጅ እንደመጣ ይነግሩናል፤ ግሶቹ ደግሞ እንዴት አድርገን እንደተቀበልነው። የድሮ ሞተር ገዝቶ ማስነሳት የሚሻ ሰው ብረቱን እንደሚያንኳኳ ሁሉ ቃሉንም ቢያንኳኳ ብዙ ያተርፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሞተር ሳይክሉን የራሱን ስም እናንሳ። ዛሬ በቆቦም በአላማጣም «ሞተር» ማለት ይበቃል፤ ነጂውም «ሞተረኛ» ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ስም ያውቃሉ፤ «ዶቅዶቄ»። ቃሉን ማንም አላመጣውም፤ ጆሮ ፈጠረው። ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ። እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልጨምር። ይህ ድምፅ የዛሬዎቹ የህንድ ሞተሮች ድምፅ አይደለም። እነሱ ይንጫጫሉ፣ ይጮኻሉ። ዶቅ ዶቅ የሚለው ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ትልቅ ፒስተን ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚመታ ሞተር ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጣሊያን ጦር ይነዳቸው የነበሩት ሞቶ ጉዚዎች እንዲህ ያሉ ነበሩ፦ አንድ ሲሊንደር፣ የፒስተኑ ስፋት 88 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 82 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ መጠኑ 500 ሲሲ ገደማ። የሞተሩን ዕድሜ የሚናገር ስም ቢኖር ዶቅዶቄ ነው።

ሞቶ ጉዚ እ.ኤ.አ. በ1921 በሰሜን ጣሊያን፣ በኮሞ ሐይቅ ዳር ባለችው ማንዴሎ ዴል ላርዮ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው። ዓርማው ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው፤ ንስሩ የመሥራቾቹ ጓደኛ ለነበረውና ፋብሪካውን ሳያይ ለሞተው አውሮፕላን አብራሪ ለጆቫኒ ራቬሊ መታሰቢያ ነው። ወደዚህ አገር የመጣው ግን ለመታሰቢያ አልነበረም፤ ከወራሪው የጣሊያን ጦር ጋር ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴ ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ከአሥመራ በማይጨው፣ በኮረምና በአላማጣ አድርጎ፣ ቆቦን፣ ሮቢትንና ጎብዬን አቋርጦ፣ በወልድያና በደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ ተሠራ። የግራካሕሱን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ያን መንገድ ያውቀዋል። ቃላቱ በዚያ መንገድ ወረዱ። መንገዱ የግፍ መንገድ ነበር፤ ቃላቱን ስንጠራ ይህን መርሳት አይገባንም። ድል ከሆነ በኋላም ጣሊያናውያን መካኒኮች ጋራዥ ከፍተው ቀሩ፤ የእኛ ልጆች ረዳት ሆነው ገቡ፣ ከብረቱ ጋር ቃሉንም ለመዱ።

ጣሊያንኛው ግን የመጀመሪያው ንብርብር አይደለም። ከሥሩ ፈረንሳይኛ አለ፤ እሱ የጅቡቲው ባቡር ቅሪት ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሾፌር፣ ሻንሲ፣ ጋራዥ ከዚያ ወገን ናቸው። «ሾፌር» መነሻው እሳት የሚያነድ፣ የሚያሞቅ ማለት ነው። «ጋራዥ» ደግሞ ከ«ለገሀር» ጋር ወንድማማች ነው፤ ባቡር ጣቢያውን «ላ ጋር» ያሰኘውና ጋራዥን የወለደው ግስ አንድ ነው፣ ማቆም፣ ማስጠጋት። በቆቦ ገበያ ደግሞ ሁለቱ ንብርብሮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አማርኛ ተናጋሪው «ቢስክሌት» ይላል፣ የፈረንሳዩን ድምፅ ይዞ፤ ከትግርኛው ወገን የመጣው «ብሽክለታ» ይላል፣ የጣሊያኑን ይዞ። አንድ ዕቃ ነው፣ በአንድ ዛፍ ሥር ቆሟል፣ ሁለት የታሪክ በር ያሳያል።

አሁን ወደ ካንዴላው እንመለስ፤ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ እሱ ነው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ቤንዚኑን የሚለኩሰው ብልጭታ ከእሱ ስለሚወጣ የሞተሩን ብልቃጥ መሳይ ዕቃ ሻማ አሉት። የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ነጣ፣ አበራ ከሚል ግስ የወጣ። ይኸው የላቲን ቃል ግን ከጣሊያን ሞተር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሌላ መንገድ ደጃችን ደርሶ ነበር። ከላቲን ወደ ግሪክ ገባ፣ ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ዐረቦቹ «ቂንዲል» አሉት፤ እኛም «ቀንዲል» አልነው። በቤተ ክርስቲያን የሚበራው ቀንዲልና በዶቅዶቄው ራስ ላይ የተሰካው ካንዴላ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ በዘይት፣ አንዱ በቤንዚን። አንዱ በቀይ ባሕር ንግድና በሃይማኖት፣ አንዱ በወረራ። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ጥቀርሻውን ሲጠርግ ባየሁ ቁጥር ቀንዲል የሚያጸዳ ዲያቆን ትዝ ይለኛል።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። በጣሊያንኛ ፍሬኖ፣ በፈረንሳይኛም ተቀራራቢ ነው፤ የሁለቱም አባት ላቲኑ ፍሬኑም ሲሆን ትርጉሙ ልጓም ነው። ሞተር ከመፈልሰፉ በፊት የፈረስ አፍ የሚገታው ብረት መጠሪያ ነበር። እኛ ፍሬን ስንል ሳናውቀው ልጓም እያልን ነው። ልጓም ራሱ ደግሞ ከዐረብኛው «ሊጃም» ጋር ዘመድ ነው፤ ልጓምም ተጓዥ ቃል ነው። ማርሽ እርምጃ ነው። ማርሚታ ድስት ነው፤ ጢሱንና ጩኸቱን የሚያፍነው ቧንቧ ክዳን ያለው ድስት ስለመሰላቸው። ካቻቢቴ ብሎን ገፊ ነው፤ «ቪቴ» የሚለው ክፍሉ በጣሊያንኛ የወይን ሐረግም ማለት ነው፣ የብሎን ጥርስ እንደ ወይን ሐረግ ስለሚጠመዘዝ። የእኛ አፍ «ቪ»ን «ቢ» አድርጎ አለሰለሰው።

ጎማ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ጣሊያንኛው «ጎማ» ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪኩ «ኮሚ»፣ ግሪኩ ደግሞ ከጥንት ግብፆች ቃል የመጣ ነው፤ እነሱ ከግራር የሚወጣውን ሙጫ እንዲህ ይሉት ነበር። ቃሉ በአባይ ሸለቆ ተወለደ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻገረ፣ አውሮፓ ዞሮ በጠላት ጦር ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ወደ ግራር አገር ተመለሰ። የራያ ቆላ ግራር ዛሬም ሙጫውን ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል። ሌላም ነገር አለ። «ጎማ» ሲነበብ «ማ» ይጠብቃል፣ «ቦሎ» ሲነበብ «ሎ» ይጠብቃል፤ በጣሊያንኛም ይጠብቃሉ። ፊደላችን መጥበቅን አይጽፍም፤ አፋችን ግን ሰማንያ ዓመት ሙሉ አልሳተውም።

ወደ ግዢው ስንመጣ ቃላቱ የወረቀት ይሆናሉ። ሊብሬ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ከጣሊያኑ «ሊብሬቶ» ጋር አንድ ነው። ታርጋ መነሻው የጀርመን ወገን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጋሻ ነው። ቦሎ ማኅተም ነው፣ ከላቲኑ «ቡላ»፣ በደብዳቤ ላይ ከሚንጠለጠለው ክብ ማኅተም። ሻጩ ሦስቱንም አሟልቶ ቢያሳይህ እንኳ ሞተሩን አልመረመርክም። ከሻንሲውና ከሞተሩ አካል ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅና በናፍጣ አጽድተህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ቁጥሩ በፋይል ተፍቆ እንደገና የተመታ ከሆነ ሂሳቡን አቁም። ከዚያም ስለ ዘመኑ ጠይቅ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የ60 ስሪት ነው» ሲሉህ የቱ 60? የእኛ 1960 እና የአውሮፓ 1960 በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ፤ በዚያ ልዩነት መሐል አንድ ፋብሪካ ሞዴሉን ሁለት ጊዜ ሊለውጥ ይችላል። በወረራው ዘመን ደግሞ ጣሊያኖች ሦስተኛ አቆጣጠር ነበራቸው። በሳንቲሞቻቸውና በሕንፃዎቻቸው ላይ ከአውሮፓው ዓመት ጎን በሮማ አኃዝ የፋሽስት ዓመት ያሰፍሩ ነበር፤ 14ኛው ዓመት ከጥቅምት 1928 ዓ.ም. ይጀምራል። በአሮጌ ብረት ላይ የሮማ አኃዝ ብታይ ጌጥ ነው ብለህ አትለፈው።

ቀብድ ስትሰጥ ደግሞ ዐረብኛ እየከፈልክ ነው፤ ቃሉ መጨበጥ፣ መረከብ ማለት ነው። ደላላውም ዐረብኛ ነው።

ከጣሊያኑ ንብርብር በላይ የስም ንብርብር ተጋደመ፤ የፋብሪካ ስም የዕቃ ስም ሆነ። ቆቦ ዛሬ የባጃጅ ከተማ ናት። ባጃጅ የህንድ ቤተሰብ ስም ነው፤ የኩባንያዎቹ መሥራች ጃምናላል ባጃጅ የጋንዲ ወዳጅ ነበር። ኩባንያው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓ መሥራት ጀመረ። ቬስፓ ተርብ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒያጆ ባለ ሦስት እግሩን አወጣና «አፔ» አለው፣ ንብ። የባጃጃችን ቅድመ አያት ንብ ናት። ስለዚህ የቆቦ ሰው በባጃጅ ሲሳፈር እንደገና ወደ ጣሊያን ይመለሳል፣ በዚህ ጊዜ በህንድ በኩል ዞሮ፣ በሰላም።

አሁን ግሶቹ። ሞተር «ይነዳል»። ነዳ የከብት ግስ ነው፤ የራያ እረኛ በሬና ግመል ይነዳል። ፈረስ ቢሆን ኖሮ «ይጋለባል» ባልን ነበር፣ ኮርቻም ልጓምም አለውና። አማርኛ ግን ዶቅዶቄውን ከፈረስ ሳይሆን ከከብት መደበው፤ የሀብት ወገን አደረገው። ሞተሩ ሲሠራ «ተነሳ»፣ እንደ ታመመ ሰው፤ ሲቆም «ጠፋ»፣ እንደ እሳት። ሲሰበር «ይጠገናል»። ጠገነ ከብረት በፊት የአጥንት ነበር፤ የተሰበረ እግር በሸምበቆ አስሮ የሚያቀና ሰው ዛሬም አጥንት ጠጋኝ ይባላል። «ማደስ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ከግእዙ ሐደሰ፣ ሐዲስ ማድረግ። እነዚህን ሁለቱን ማቀላቀል የድሮ ሞተር ገዢ ትልቁ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ጠጋኝ አጥንቱን ይመልሳል፣ ያው አጥንት ነው። አዳሽ ቀለሙን ገፎ፣ ኮርቻውን ጥሎ፣ የህንድ ካርቡራተር ገጥሞ አዲስ ያደርገዋል። የጥንት ሞተር የሚያሻው ጥገና ነው።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሞተር «ቪንቴጅ» ይሉታል፤ ከወይን መከር የወጣ ቃል ነው። እኛ ዕድሜን በወይን አንቆጥርምና ቃሉን መዋስ አያስፈልገንም። «አሮጌ» ብንለው ዋጋው ይወድቃል፤ «የድሮ» ብንለው ይነሳል። ከሁለቱ የሚሻል ግን በእጃችን አለ፤ «የከረመ»። ከረመ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ነው፣ ክረምትን ማሳለፍ። እነሱ ዕድሜን በወይን መከር ሲቆጥሩ እኛ በዝናብ እንቆጥራለን። ዝናብ በሚያጥርበት በራያ ቆላ ደግሞ ብረት ቶሎ አይዝግም፤ የከረመ ሞተር የሚገኝ ከሆነ በእንዲህ ያለ ደረቅ አገር ነው።

ጠላቱ ዝገት ሳይሆን ቁራሌው ነው። «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ በየመንደሩ የሚጮኸው ሰው ጥሪው ራሱ ስሙ ሆነ፤ ቆርቆሮ ያለው፣ ቆራሌው፣ ቁራሌው። ሰውየው እንጀራውን ነው የሚፈልገው፣ አልወቅሰውም። ነገር ግን በኪሎ መዝኖ የሚወስደው ብረት ከነስሞቹ ይቀልጣል።

እናም በቆቦ፣ በሮቢት፣ በጎብዬ፣ በዋጃና በአላማጣ በጓሯችሁ የከረመ ዶቅዶቄ ያላችሁ፦ ቁራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ከዚያ በዕድሜ የገፋ መካኒክ ፈልጉ፣ ከሞተሩ አጠገብ አስቀምጡት፣ እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ እየነካ በሚያውቀው ስም እንዲጠራላችሁ ለምኑት፤ ድምፁንም በስልካችሁ ቅረጹ።