ታጎርን በየትኛው ቋንቋ እናስተምር?



የሕንዱ ባለቅኔ የራቢንድራናት ታጎር ስም በትምህርት ቤት ሲነሣ አብሮት የሚነሣው «ጊታንጃሊ» የተባለው መጽሐፉ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ ይህ መጽሐፍ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ለተማሪው እምብዛም አይነገረውም።

የመጀመሪያው በ1910 ዓ. ም. በቤንጋልኛ ታተመ (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)፤ 157 ግጥሞችም አሉበት። ሁለተኛውን ባለቅኔው ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1912 ዓ. ም. በሎንዶን በ750 ቅጂ ብቻ ታተመ። በዚህኛው ውስጥ ካሉት 103 ቅኔዎች ከቤንጋልኛው «ጊታንጃሊ» የመጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ከሌሎች መጻሕፍቱ የተለቀሙ ናቸው። በ1913 ዓ. ም. ታጎር ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው ሆኖ የሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ አውሮፓ አንብቦ ያደነቀው ይህንኑ ሁለተኛውን ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቤንጋልኛው ቤት የሚመታ፣ ምጣኔው የተጠበቀ፣ አብዛኛውም በዜማ የሚዘፈን ግጥም ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ዝርው ነው። ቅኔ ሲፈታ ወርቁ ተገኝቶ ሰሙ እንደሚቀልጥ የእኛም ሊቃውንት ያውቁታል። ከዚህም ሌላ ቤንጋልኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን በአንድ ቃል ይጠራል። ስለዚህ የሚጠበቀው እንግዳ ፈጣሪ ይሁን ወይም ፍቅረኛ፣ ወንድ ይሁን ወይም ሴት፣ አድማጩ እያመነታ ይቈያል። እንግሊዝኛው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የአማርኛ ተርጓሚማ ገና «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲል ነገሩን ቈርጦታል። ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን የአንድ ሰዓት ትምህርት ይወጣዋል።

ታጎር ራሱ በ1921 ዓ. ም. ለእንግሊዛዊው ለኤድዋርድ ቶምሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ሲተረጕም አስቸጋሪውን ስፍራ በፍርሃት እየሸሸ ያልፍ እንደ ነበርና በዚህም ለምዕራባውያን መልኩን አዛብቶ እንዳሳየ ሳይሸሽግ ተናዝዟል። ባለቤቱ እንዲህ ካለ፣ መምህሩ በእንግሊዝኛው ብቻ ተመርኵዞ «ይህ ባለቅኔ ለስላሳ ብቻ ነው» ብሎ ቢፈርድ ፍርዱ ግፍ ይሆናል።

ደግሞም ታጎር መምህር ነበረ። በ1901 ዓ. ም. በሻንቲኒኬታን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በ1930 ዓ. ም. ለሕፃናት የቤንጋልኛ ማንበቢያ አወጣ፤ በ1937 ዓ. ም. በካልካታ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ፣ የእንግሊዝኛውን ልማድ ሰብሮ፣ ንግግሩን በቤንጋልኛ አደረገ።

«የቤንጋልኛ መምህር ከወዴት እናመጣለን?» የሚል አይጠፋም። እንግሊዝኛው ጭራሹን ይቅር የሚሉም አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ እርሱም የባለቅኔው የገዛ እጁ ሥራ ነውና። ነገር ግን ዊልያም ራዲስ በ2011 ዓ. ም. ከቤንጋልኛው እንደ ገና ተርጕሞ ያወጣው አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ በማታ ልጆቻችሁን የምታስጠኑ ወላጆችም ይህን ልታደርጉ ትችላላችሁ። ተማሪው መጽሐፉን ከመግለጡ በፊትም ዜማውን በቤንጋልኛ አሰሙት፤ ቃሉን ባያውቅም ቤት የሚመታበትን ስፍራ በእጁ እያጨበጨበ ያመልክት። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን ይግለጥና ያ ምት የት እንደ ገባ ይፈልግ።