ለምርምርና ልማት ወጪ የሚሰጥ የግብር ማበረታቻ፦ የአገሮች አሠራርና በኢትዮጵያ ያለው ድንጋጌ

ትርጉም

የምርምርና ልማት የግብር ማበረታቻ አንድ ድርጅት አዲስ ምርት ወይም የአመራረት ዘዴ ለማግኘት ለሚያወጣው ወጪ መንግሥት በግብር አማካይነት የሚሰጠው ድጋፍ ነው። የምርምር ውጤት አስቀድሞ አይታወቅም፤ የተገኘውን ዕውቀትም ሌሎች ይጠቀሙበታል። በዚህም ምክንያት ድርጅቶች በራሳቸው ለምርምር የሚመድቡት ገንዘብ ለአገር ከሚያስፈልገው ያንሳል።

የማበረታቻ ዓይነቶች

1. ተጨማሪ የወጪ ተቀናሽ፦ በደቡብ አፍሪካ አስቀድሞ ለጸደቀ ምርምር 100 ራንድ ያወጣ ድርጅት ከገቢው 150 ራንድ ይቀንሳል። ሕንድ ተመሳሳይ ማበረታቻ ስትሰጥ ቆይታ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ተቀናሹን በወጪው ልክ ወስናለች።

2. ከግብር ላይ የሚደረግ ቅናሽ፦ ቅናሹ የሚታሰበው ከገቢው ሳይሆን ከሚከፈለው ግብር ላይ ነው። አሜሪካ ይህን አሠራር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው።

3. ተመላሽ የሚሆን ቅናሽ፦ ትርፍ ያላገኘ ድርጅትም ገንዘቡን ከመንግሥት ይቀበላል። ካናዳ ለአነስተኛ አገር በቀል ኩባንያዎች እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ተመላሽ ትሰጣለች።

በኢትዮጵያ ያለው ድንጋጌ

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ ገቢውን ለማግኘትና የንግድ ሥራውን ለማስቀጠል በግብር ዓመቱ የወጣ አስፈላጊ ወጪ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። ለሙከራ የተከፈለ ደመወዝና የተገዛ ግብዓት ይህን መስፈርት ሲያሟላ ተቀናሽ ይሆናል። ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል መሣሪያ ግን በእርጅና ቅናሽ ይስተናገዳል፤ በደንብ ቁጥር 410/2009 በቀጥተኛ የቅናሽ ዘዴ ለኮምፒውተር በዓመት 20 በመቶ፣ በተለየ ምድብ ላልተካተቱ ሌሎች መሣሪያዎች 15 በመቶ ይታሰባል። ኪሳራ ያጋጠመው ግብር ከፋይም በአዋጁ በተቀመጠው ገደብ መሠረት ኪሳራውን እስከ 5 ዓመት ማሸጋገር ይችላል።

ማሳያ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢ ከጉና ተራራ ደጋ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ድረስ የተለያየ የአየር ንብረት አለው። በደጋው ውጤታማ የሆነ የድንች ወይም የገብስ ዝርያ በዝቅተኛው ቦታ ላይሳካ ስለሚችል፣ በዘር ብዜት የተሰማራ ድርጅት በየቦታው ሙከራ ማድረግ ይኖርበታል።

በንፋስ መውጫ የሚገኝ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለሙከራ ዘርና ማዳበሪያ 60,000 ብር፣ ለሠራተኞች ደመወዝ 40,000 ብር አወጣ እንበል። ወጪው ተቀባይነት ካገኘና ማኅበሩ በቂ ትርፍ ካለው፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በ100,000 ብር ይቀንሳል። የድርጅቶች የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 30 በመቶ በመሆኑ የሚከፈለው ግብር የሚቀንሰው በ30,000 ብር ነው፤ ቀሪውን 70,000 ብር ማኅበሩ ራሱ ይሸፍናል። ለማድረቂያ መሣሪያ የወጣ 200,000 ብር ደግሞ በ15 በመቶ ሲታሰብ በዓመት 30,000 ብር ከገቢ ያስቀንሳል፤ ከግብር ላይ የሚታየው ቅናሽ 9,000 ብር ነው።

ግብር ከፋዩ ሊያሟላቸው የሚገቡ ጉዳዮች

• ሙከራው የተካሄደበትን ቦታ፣ ጊዜ፣ ዓላማና ውጤት በጽሑፍ መመዝገብ፤
• ለግዢ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል፣ ደመወዝንም በመክፈያ ሰነድ ማረጋገጥ፤
• የሙከራን ወጪ ከመደበኛ ምርትና ከግል ወጪ ለይቶ መያዝ፤
• ሰነዶችን በሕግ ለተወሰነው ጊዜ ማቆየት።

ያለ ሰነድ የቀረበ ወጪ፣ ሙከራው በእርግጥ የተካሄደ ቢሆንም፣ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ሙከራው ሳይሳካ መቅረቱ ግን ብቻውን ወጪውን ተቀናሽ ከመሆን አያግደውም። የሂሳብ መዝገብ ሳይዝ በቁርጥ ግብር የሚከፍል ነጋዴ የሙከራ ወጪውን ለይቶ ማስቀነስ አይችልም።

አገልግሎቱ የሚሰጥበት ቦታ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ የሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚሰበስበው ክልሉ በመሆኑ፣ የአካባቢው ግለሰብ ነጋዴዎች በየወረዳቸው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይስተናገዳሉ። ማኅበራት ወደተመዘገቡበት የግብር ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤት ይቀርባሉ። ግብር ከማስታወቅ በፊት በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተለወጡ ድንጋጌዎችን ከጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።