ከታች ያሉት ሰዎች ወንዝ

ብላደንስበርግ የውቅያኖስ መርከብ የሚቆምባት ወደብ ነበረች ብል፣ ዛሬ ድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃውን ያየ ሰው አያምነኝም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወሰን አለፍ ብላ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1742 ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ የአካባቢው ትንባሆ ወደ እንግሊዝ አገር የሚጫነው ከዚያ ነበር። ለትንባሆው ሲባል ጫካው ተመነጠረ፤ በባርነት የተያዙ ሰዎች ያረሱት መሬት ዝናብ በመታው ቁጥር አፈሩ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ወረደ። መቶ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደቡ በደለል ተሞልቶ መርከብ የማያስገባ ሆነ። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ስሚዝ በ1608 ሲመጣ በወንዙ ዳር ያገኛቸው ናኮችታንክ የሚባሉት ነባር ሕዝቦችማ ከዚያም አስቀድመው ከቦታው ጠፍተው ነበር፤ የወንዙ ስም ብቻ ከእነሱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ነው። በ1799 ዋሽንግተን ውስጥ የተመሠረተው የባሕር ኃይል የመርከብ መሥሪያ ቀስ በቀስ የመድፍ ፋብሪካ ሆኖ መርዙን ወደ ወንዙ ለቀቀ። በዋሽንግተን አሮጌ ሰፈሮች የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሁለቱም ተቀላቅለው ወንዝ ይገቡ ነበር። ኬኒልዎርዝ በሚባለው ቦታ ደግሞ የከተማዋ ቆሻሻ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሜዳ ላይ ይቃጠል ነበር። ጭሱ የሚገባው ጥቁር አሜሪካውያን ቤት ነበር። በ1968 እዚያ ሲጫወት የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ በእሳቱ ተቃጥሎ ሞተ፤ ማቃጠሉ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ጭሱ የሀብታም ሰፈር መስኮት ላይ ቢሆን ኖሮ ሃያ ዓመት አይቆይም ነበር። በ1971 ወንዙ ውስጥ መዋኘት በሕግ ተከለከለ።

ወንዙን ለማጽዳት መጀመሪያ እጁን የዘረጋው መንግሥት አልነበረም። ጥቁር በመሆናቸው ሌላ ቦታ ጀልባቸውን ማሰር የተከለከሉ ሰዎች በ1945 ሲፌረርስ የሚባል የጀልባ ክበብ አቋቁመው ነበር፤ መሥራቹ ሉዊስ ግሪን የእጅ ሙያ አስተማሪና ጀልባ ሠሪ ነበሩ። የክበቡ አባላት በ1985 በራሳቸው ጀልባ ወጥተው ወንዙን ማጽዳት ጀመሩ፤ በየዓመቱም ቀጠሉበት። በ1992 ደግሞ ቫሊ ግሪን ከሚባለው የመንግሥት ቤቶች መንደር የወጡ ዘጠኝ ወጣቶች አንዱን ገባር ጅረት ሊያጸዱ ገቡበት፤ ውስጡ የተጣለውን የመኪና ጎማ በትከሻቸው እየተሸከሙ አወጡ። የጠመንጃ ጥይት ጓደኞቻቸውን የሚነጥቅበት ዘመን ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ወጣት ተገደለች። ቡድኑ ከዊስኮንሲን የንስር ጫጩቶች አስመጥቶ በወንዙ ዳር አሳድጎ ሲለቅ፣ አንዱን ንስር በእሷ ስም ጠሩት። ከ1940ዎቹ ወዲህ ጎጆውን እዚያ ያልሠራ ራሰ ነጭ ንስር ተመልሶ መራባት ጀመረ።

የእኔ ኑሮ ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘው በፌስታል በኩል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የሐበሻ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሳለሁ፣ በጥር 2012 ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለእያንዳንዱ ፌስታል አምስት ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ።

«ልጄ፣ ደግሞ ለፌስታል ይከፈላል?» ይሉኛል እናቶች፣ እንጀራቸውን እንዳቀፉ።

«አዎ እማማ፣ ለወንዝ ነው።»

«የምን ወንዝ? እዚህ ወንዝ አለ እንዴ?»

አለ። ልጆቻችን በጋ የሚንቦራጨቁበት የስላይጎ ጅረት ወደ ኖርዝዌስት ብራንች ይገባል፤ እሱም ብላደንስበርግ ላይ ከሌላው ክንድ ጋር ተገናኝቶ አናኮስቲያ ይሆናል። በጆርጂያ አቬኑ መንገድ ዳር የወደቀ ፌስታል በዝናብ መውረጃው ገብቶ፣ በጅረቱ ተንሳፍፎ፣ ከታች ካሉት ሰዎች ደጃፍ ይደርሳል። ይህን ለእናቶች በአማርኛ ማስረዳት ከሒሳቡ እኩል ሥራዬ ሆነ፤ ወረፋው ቢረዝምም ደስ እያለኝ ነበር የማስረዳው። ብዙዎቹ በሳምንቱ የራሳቸውን ዘንቢል ይዘው መጡ።

ከሕጉ በስተጀርባ ያለው አናኮስቲያ ዋተርሼድ ሶሳይቲ ነው። ማኅበሩን በ1989 የመሠረቱት ሮበርት ቡን ናቸው። የማኅበሩ ሰዎች ቆሻሻውን ማንሳት ብቻ ሳይሆን ለቅመው፣ ለይተው ቆጠሩት፤ በትንንሾቹ ገባሮች ከተገኘው ግማሽ የሚጠጋው ፌስታል ሆኖ ተገኘ። ዲሲ በ2010 ያስከፈለው አምስት ሳንቲም ከዚያ ቆጠራ ጉልበት አግኝቷል፤ የእኛ ካውንቲ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተከተለ። ማኅበሩ ተማሪዎችን በታንኳ ወንዙ ላይ ያወጣል፤ በክፍላቸው ያበቀሉትን የዱር ሩዝ ረግረጉ ላይ ያስተክላቸዋል። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው፤ የተከለ ልጅ የተከለው እንዲነቀል አይፈቅድም። ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ የዲሲን የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንም ፍርድ ቤት አቁሟል። ክርክሩ በስምምነት አልቆ፣ ፍሳሹን ይዞ ወደ ማጣሪያ የሚወስድ ግዙፍ ዋሻ ከመሬት በታች ተቆፈረ። የመጀመሪያው ክፍል በ2018 ተከፈተ፤ የመጨረሻው በ2023 አለቀ።

ከወንዙ ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ ግን የፋብሪካው መርዝ እንደተኛ ነው። ዲሲ በ2020 ቀድመው የሚጸዱ 11 ቦታዎች መርጧል። መርዙ ከጭቃው ወደ ዓሣው ያልፋል፤ ካርፕና ኢል የሚባሉትን ዓሦች ከዚያ ውሃ መብላት የለብንም፤ ካትፊሽም ቢሆን በልክ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ያጠመዱትን ለጎረቤትና ለማያውቁትም ሰው ያካፍላሉ፤ አንዳንዱም ቤተሰብ የሚበላው እሱን ነው። በየቅዳሜው ወንዝ ዳር ከሚያጠምዱት መካከል አማርኛ የሚናገር ባገኘሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ ይህንኑ እነግረዋለሁ።