ትልቋ በርታ

የጎልፍ ተጫዋች የመጀመሪያውን ረጅም ምት የሚመታበት ዱላ ድራይቨር ይባላል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የዚህ ዱላ ራስ ፐርሲመን ከሚባል ዛፍ ጠንካራ እንጨት እየተጠረበ ይሠራ ነበር። ራሱ ትንሽ ነው፤ ከመሐሉ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ያረፈ ምት ኃይሉንም አቅጣጫውንም ያጣል። እንጨቱ ከሜዳው ቢጠፋም ስሙ አልሞተም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የብረቶቹንም ዱላዎች እስከ ዛሬ «ዉድ»፣ ማለትም «እንጨት» ይሏቸዋል።

በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋሪ አዳምስ ቴይለርሜድን መሥርቶ የማይዝግ ብረት ድራይቨር ለገበያ አቀረበ። ዱላው «ፒትስበርግ ፐርሲመን» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ የእንጨቱን ስም ለብረት ከተማ መዳር ራሱ ቅኔ ነው። የራሱ መጠን መግዘፍ የጀመረው ግን በ1991 ነው። ቀድሞ በጨርቃ ጨርቅና በወይን ጠጅ ንግድ የሚታወቀው ኢሊ ካላዌይ 190 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዱላ አወጣና በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሊዬዥን ምሽጎች በደበደበው የጀርመን መድፍ ስም «ቢግ በርታ» አለው። ለአማርኛ ጆሮ ስሙ መድፍ ሳይሆን ምርቃት ይመስላል፤ በርታ! በ1995 ቲታኒየም ተተካ፤ ራሱም 250 ገደማ ደረሰ። በ2004 የጨዋታው ሕግ አውጪዎች ጣራውን 460 ላይ ወሰኑት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ራሱ ሲገዝፍ ኳሱ ይርቃልን? ይቀናልን?

የዱላው ራስ ክብደት በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ከ200 ግራም ብዙም አልራቀም። ያደገው ክፍቱ ሆዱ ነው። ክብደቱ ከመሐል ወደ ዳር ስለ ተበተነ፣ ኳሱ ከመሐል ወጣ ብሎ ሲያርፍ ራሱ እንደ ድሮው አይሽከረከርም፤ ያልተዋጣለት ምት የሚያጣው ርቀት ይቀንሳል። ስለዚህ ግዝፈቱ የሚጠቅመው መሐሉን መምታት ለሚሳነው ነው። መሐሉን ለማይስተው ከመጠኑ ይልቅ የሚጠቅመው የቲታኒየሙ ስስ ፊት እንደ ከበሮ ቆዳ ተመልሶ መንጠሩ ነው። ፊቱ ወደ ቀኝ ተከፍቶ ኳሱን ካገኘው ደግሞ፣ ራሱ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ኳሱን ወደ መንገዱ አይመልሰውም። በርንሃርድ ላንገር የ1993ቱን ማስተርስ ያሸነፈው በእንጨት ድራይቨር ነበር።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ይደግፋሉ። በአሜሪካ የፒጂኤ ቱር የድራይቭ አማካይ በ1980 ወደ 257 ያርድ፣ በ2003 ወደ 286 ያርድ ነበር። ለዚህ ዱላውን ብቻ ማመስገን ቸኩሎ መፍረድ ነው፤ በመሐሉ ዘንጉ ቀልሎና ረዝሟል፣ በ2000 መጨረሻም ፕሮ ቪ1 የተባለው አዲስ ኳስ መጥቷል። ይልቁንም ከ2004 ወዲህ የራሱ መጠን ባለበት ቆሞ ሳለ አማካዩ በ2023 ወደ 300 ያርድ ተጠግቷል። በእኔ አስተያየት ባለሙያዎቹ ግዝፈቱ የሰጣቸውን ይቅርታ ለቅንነት አላዋሉትም፤ ብስት እንኳ ብዙ አልጎዳም ብለው ይበልጥ አጥብቀው ለመምታት ተጠቀሙበት።

ዋጋውን የከፈለው ሜዳው ነው። ማስተርስ የሚካሄድበት ኦጋስታ በ2001 6,985 ያርድ ነበር፤ በ2002 ወደ 7,270፣ በ2006 ወደ 7,445 አደገ። ዛፍ ተተከለ፣ መነሻው ወደ ኋላ ተገፋ፤ መሬት ለመግዛት አቅም የሌላቸው የቆዩ ሜዳዎች ግን ወዴት ይሸሻሉ? በዲሴምበር 2023 ሕግ አውጪዎቹ ርቀቱን ለመግታት መወሰናቸውን ሲያስታውቁ የዱላውን ራስ አልነኩም፤ ያጠበቁት የኳሱን መፈተኛ ነው።